ጀርባዬን ለስክሪኑ ሰጥቼ

የናሽናል ጋርድ ወታደር ነኝ። በዓለም ዋንጫው ሰሞን፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ሕዝቡ ኳስ በትልቅ ስክሪን የሚያይበት አደባባይ ላይ ዘብ አቆሙኝ፤ ፊቴን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባዬን ወደ ስክሪኑ። ያውም ብራዚል እየተጫወተች! ዞር ማለት ክልክል ነው፤ ጩኸቱም የየትኛው ደጋፊ እንደሆነ አይለይም።

ፊት ለፊቴ የብራዚል ማሊያ የለበሱ አንድ ሐበሻ አዛውንት ቆመው ስለነበር ውጤቱን ከፊታቸው ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ግንባራቸውን ይቋጥራሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ራሳቸውን ይይዛሉ። በቃ፣ አልቆልናል! ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ውስጤ እያለቀሰ ቆምኩ።

ጨዋታው ሲያልቅ፣ «አባባ፣ በስንት ተሸነፍን?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ! ድሮ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ዘብ የቆመ ወታደር የጫማው ክር ተፈትቶ እያየሁ፣ ምኑን ኳስ አየሁት?»