ከፊርማው በላይ የተጻፈው

ሀይለየሱስ አበልጁን ከድቷል። ጸሐዬ አምኖ በባዶ ቅጽ ግርጌ ካስቀመጠው ፊርማ በላይ፣ ጸሐዬ ያልተናገረውን ቃል ጽፏል። በዚያ ቃል የተነሳ ዘከሪያ የተባለ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ሁለት እጁ ተቃጥሏል፤ ጥፋቱም የጸሐዬ ነው ተብሎ መዝገቡ ተዘግቷል። ነገሩ የሆነው በጅቡቲ ከተማ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ሐምሌ ላይ ነው። ሥሩ ግን ወደ ኋላ ይሄዳል።

ጸሐዬ ከድሬዳዋ በባቡር የመጣው በ1998 ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር፤ ከሻንጣው ግማሹ የብሎን መፍቻ ነበር። የተቀበለው ሀይለየሱስ ነው። የሀይለየሱስ አያት ሐዲዱ ሲዘረጋ የመጡ ሰው ናቸው፤ እሱ እዚያው ተወልዶ በፈረንሳይኛ ተምሯል፤ የከተማው ሐበሻ ማመልከቻ ባስፈለገው ቁጥር የሚሄደው ወደ እሱ ነበር። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ እህቶች የአሠሪዎቻቸውን በደል የሚያስጽፉት በእሱ እጅ ነበር። በ2003 ጸሐዬን ራሱ በሚሠራበት የማሽን አከራይ ድርጅት አስቀጠረው፤ ከዓመታት በኋላም የጸሐዬን ልጅ ራኬብን ክርስትና አነሳ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በስም አልተጠራሩም፤ «አበልጄ» ነው የሚባባሉት። ይህ ሁሉ መልካም ሥራ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ባዳ ሰው መበደል እንጂ መክዳት አይችልም፤ ለመክዳት አስቀድሞ መታመን ያስፈልጋል።

ጸሐዬ ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ሶማልኛም ለግቢው የሚበቃው አለው። የተጻፈ ፈረንሳይኛ ግን ከቁጥሩ በቀር አያነብም። ስለዚህ በጋራዡ ውስጥ አንድ ልማድ ተተከለ። ጸሐዬ ማሽኑን ይመረምርና ያገኘውን በአማርኛ ይናገራል፤ በባዶው ቅጽ ግርጌ ይፈርማል፤ ሀይለየሱስ ቢሮ ገብቶ ከፊርማው በላይ ያለውን ይሞላል። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ሠሩ።

ኋላ የመጡት ኤክስካቫተሮች ማርሚታ በሚባለው የጭስ ማውጫቸው ውስጥ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ፣ ፊልትሮ፣ ነበራቸው። የፊልትሮውን መሙላት የሚናገረው ካፕተር ይባላል፤ ከፊልትሮው በፊትና በኋላ በተዘረጉ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች የጭሱን ግፊት ይለካና ልዩነቱን ለማሽኑ ኮምፒውተር ያቀብላል። ልዩነቱ ሲበዛ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ ማሽኑ ያነክሳል። መካኒኮቹ ካፕተሩን «አሳባቂው» ይሉት ነበር፤ መብራቱ በበራ ቁጥር የሚረገመው እሱ ነው። ጸሐዬ ስሙን አልወደደውም።

«ምስክር በሉት» ይል ነበር። «ምስክር ሊዋሽ ይችላል። ግን በሌላ ምስክር ሳታጣራ ውሸታም አትለውም።»

ሌላውን ምስክር የሠራው ራሱ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቱቦ ወገቡ ላይ ታጥፎ፣ ሁለቱ ክንዶቹ ወደ ላይ ቆመው ከሰው ቁመት በሚረዝም ጣውላ ላይ ታስሯል፤ እስከ ግማሹም በሻይ የቀላ ውሃ ተሞልቷል።

በዚያ ሐምሌ፣ ካምሲን የሚባለው ሞቃት ነፋስ አሸዋውን እያነሳ ሲጋረፍ፣ ሰባት ቁጥር ማሽን ጉልበት አጥቶ ወደ ግቢ ተመለሰ። ነጂው ዘከሪያ የሐረርጌ ሰው ነው፤ ከከተማው ዳር ባልባላ ሰፈር ይኖራል። ከጋቢናው ወርዶ ላቡን በእጅጌው ጠረገና «ያ አሳባቂህ ደግሞ ጀመረው» አለ።

ጸሐዬ አልቸኮለም። የካፕተሩን ሶኬት ነቅሎ እግሮቹን አየ፤ የባሕሩ ጨው አረንጓዴ ዝገት አላበቀለባቸውም። ሁለቱን ቱቦዎች ፈትቶ ነፋባቸው፤ አልተደፈኑም፣ አልተሰነጠቁም፣ ቦታም አልተቀያየሩም። ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፈተ፤ ስክሪኑ ዜሮ አለ። ጭስ በሌለበት ዜሮ የሚል ካፕተር ከባዶ ተነስቶ አይቀጥፍም። ከዚያ ጣውላውን አቁሞ የላስቲኩን ሁለት ጫፎች ከካፕተሩ ቱቦዎች ጋር አገናኘና ሞተሩን በሙሉ ዙር አስጮኸው። የቀላው ውሃ በአንዱ ክንድ ወርዶ በሌላው ወጣ፤ የሁለቱ ከፍታ ልዩነት አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲሜትር ሆነ። ስክሪኑ አሥራ ሁለት ይላል። ለእያንዳንዱ ቁጥር አሥር ሳንቲሜትር ውሃ ነው፤ ሁለቱ ምስክሮች ተስማሙ። ፊልትሮው አዲስ ሳለ በዚያው ዙር የውሃው ልዩነት ከሠላሳ ሳንቲሜትር አያልፍም ነበር።

ሀይለየሱስ ከጎኑ ቆሞ ይህን ሁሉ አይቷል። ይህ ነጥብ ሊዘለል አይገባም።

«አበልጄ፣ ውሃህ ጫት ቅሞ መርቅኖ እንዳይሆን» አለው።

«ከመረቀነማ ስክሪኑም አብሮት ቅሟል። ጻፍ። ካፕተሩ እውነቱን ነው፤ ፊልትሮው ሞልቷል፤ አዲስ እስኪገባለት ማሽኑ ይቁም።»

«ደንበኛው ቁፋሮውን በዚህ ሳምንት ጨርሱ ብሎ አንቆ ይዞኛል።»

«ደንበኛው ከጋለ ማርሚታ አጠገብ አይውልም። ዘከሪያ ነው የሚውለው።»

«እሺ፣ በቃ። ፈርምልኝ፤ ውስጥ ገብቼ አሰማምረዋለሁ።»

ጸሐዬ ፈረመ።

ከዓርብ ዕረፍት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ሰባት ቁጥር ግቢ ውስጥ አልነበረም። «አዲስ ፊልትሮ ገብቶለት ወጣ» አለው ሀይለየሱስ። እዚህ ላይ ጸሐዬም አንድ ጥፋት አለበት፤ አሮጌው ፊልትሮ የት እንደወደቀ አልጠየቀም። ሌላ ሰው ቢነግረው ኖሮ ይጠይቅ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ረፋዱ ላይ ማሽኑ ተቃጠለ። የተከማቸው ጥቀርሻ ማርሚታው ውስጥ ተቀጣጥሎ፣ ግለቱ አጠገቡ ያለውን የዘይት ቱቦ በሳው፤ ዘይቱ ነደደ። ዘከሪያ የጋለውን በር በመዳፎቹ ገፍቶ ወጣ።

ጸሐዬ የተረፈውን አካል ሲፈታ፣ እሳቱ ባልደረሰበት በኩል፣ ከካፕተሩ ሽቦ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን አገኘ። ፊልትሮው አሮጌው ነው፤ አልተለወጠም። ሳጥኗም ምን እንደሆነች ወዲያው ገባው። ፊልትሮው ቢሞላም ባይሞላም ለኮምፒውተሩ ሁልጊዜ «ሦስት» የምትል ናት። ይህን ማስረጃ ይዞ ወደ ማን ሄደ? ወደ አበልጁ።

«አንተንም አታለውሃል፤ ሰው ተደብቆ ይህን ገጥሞበታል» አለው።

ሀይለየሱስ ሳጥኗን አገላብጦ አየና ከሸሚዙ ኪስ ከተታት። «እኔ ጋ ትቆይ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያያት ሰው የለም።

ምርመራ የተባለው በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። አንድ ወረቀት ጸሐዬ ፊት አኖሩ።

«ይህ ፊርማ የአንተ ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ጸሐዬ።

ሁለተኛ ጥያቄ አልነበረም። ሀይለየሱስ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ ግቢው ይመለከት ነበር።

የወረቀቱን ቅጂ ከስንብት ደብዳቤው ጋር ሰጡት። ሚስቱ ኤሌኒ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ባለ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ፈረንሳይኛ ታነባለች። ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሰችለት።

«‹ካፕተሩ የተበላሸ መሆኑን አረጋግጫለሁ። በራሴ ውሳኔ ከሥራ ውጭ አድርጌዋለሁ። ማሽኑ ለሥራ ብቁ ነው።› ይኸው ነው።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ያው ነው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስትፈርም አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ብታመጣው ምን ነበረበት?»

«አበልጅ እኮ ነው፣ ኤሌኒ።»

«ያመኑት ፈረስ…» ብላ ጀመረችና ተረቱን ሳትጨርስ ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለት።

ወደ ሀይለየሱስ ቤት ሄደ። ሀይለየሱስ ወረቀቱን መጻፉንም ሳጥኗን ማስገጠሙንም አልካደም፤ አላፈረምም።

«ደንበኛው ከሄደብን እኔን ነበር የሚያባርሩኝ። እኔ ከተባረርኩ ለዚህ ሁሉ ሰው ማን ይጽፍለታል፣ አበልጄ? አንተ እጅ አለህ፤ የትም ትሠራለህ።»

«ሥራውን ተወው። ለዘከሪያ ብቻ እውነቱን ንገርልኝ።»

«ጊዜ ስጠኝ።»

ጸሐዬ ሁለት ወር ሰጠው። ከዚያ በሚኒባስ ተሳፍሮ ባልባላ ወጣ። የዘከሪያ ሚስት ዘቢባ የቆርቆሮውን በር ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ ግባም አላለችው።

«ሊያይህ አይፈልግም» አለች። «ማሽኑን ሲመልሱለት ፈርቶ ነበር፣ እወቅ። ጸሐዬ መርምሮ ፈርሞበታል አሉት። ወረቀቱን አሳዩት። ፊርማህን አይቶ ነው የወጣበት።»

«እኔ አቁሙት ነው ያልኩት።»

«ለማን?»

«ለሀይለየሱስ።»

«ሀይለየሱስማ በየሳምንቱ ይመጣል። ስኳር ይዞ ይመጣል፤ መድኃኒት ይዞ ይመጣል። ‹ጸሐዬ ምክሬን ቢሰማኝ ኖሮ› እያለ አብሮን ያዝናል።»

ጸሐዬ ቅጂውን አውጥቶ ዘረጋላት። ዘቢባ ወደ ግርጌው ብቻ ተመለከተች፤ ስሙን ነው ያየችው። በሩን ቀስ ብላ መለሰችው።

የማሽን ሥራ ያለበት ግቢ ሁሉ የስንብቱን ደብዳቤ ስለሚጠይቅ ጸሐዬን የሚቀጥረው ጠፋ፤ አሁን የሚኒባስ ጎማ ይለጥፋል። ሀይለየሱስ የጋራዡ ኃላፊ ሆኖ ተሹሟል። ዘከሪያ እጆቹን ያሳጣው ጸሐዬ ነው ብሎ ያምናል፤ እውነቱን የነገረው ሰው የለም። 2017 አልቋል። ወረቀቱ አልታረመም።