አጋሮን የሰጠሁ ቀን

ልጅ እያለሁ ያላየሁትን አገር ሁሉ እሰጥ ነበር። "እንቆቅልሽ" ስባል "ምን አውቅልሽ" እላለሁ፤ መልሱ ሲጠፋኝ "አገር ስጪኝ" እባላለሁ፤ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ አንዳንዴም አዲስ አበባን ከነቤተ መንግሥቷ አስረክባለሁ። ተቀባይዋ ሁልጊዜ ሰዓዳ ነበረች፣ በሰፈራችን በበቾ ቦሬ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ልጅ። በእንቆቅልሽ የሚችላት አልነበረም።

ክረምቱ አልወጣም ብሎ ባስቸገረበት በአንድ ጥቅምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እነሰዓዳ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ሰማዩ ከመጥቆሩ የተነሳ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጥተዋል። የተሰጣው ቡና በችኮላ ተነስቶ ሸራ ሥር ገብቷል፤ እርጥብ ገለባው ይሸታል። እናቷ እትዬ ዘይነባ ሰምተውን ከጓዳ ጮኹ። "ሂን ታኡ! ተዉ! እንቆቅልሽ በቀን አይባልም፤ መንገደኛ ያስቀራል።"

ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ቀጠልን። "እግር ሳይኖረው ይሮጣል፣ ትከሻ ሳይኖረው ድልድይ ይሸከማል" አለችኝ ሰዓዳ። ነፋስ አልኩ፣ መኪና አልኩ። አልሆነም። አገር ስትጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣው አጋሮ ነው፤ አባቴ ቡና ሊጭን በጠዋት አይሱዙውን እየነዳ ወደዚያ ሄዶ ነበር።

"አጋሮ ገብቼ ምን አጥቼ፣ ሁሉ በእጄ፣ ሁሉ በደጄ" አለችና መልሱን ነገረችኝ። ጎርፍ።

ዝናቡ ወረደ። አባቴ ያን ቀን አልመጣም። በማግስቱ የከተማችን መርካቶ የደረሱ ሾፌሮች ወንዙ ሞልቶ አንድ አይሱዙ ከነሾፌሩ ወሰደ ብለው አወሩ፤ የማን እንደሆነ ያወቀ የለም። እናቴ በር ላይ ቆማ ቀረች። እኔ ወደ ሰዓዳ ሮጥኩ።

"አጋሮን መልሺልኝ!"

"የተሰጠ አገር የሚመለሰው በእንቆቅልሽ ነው" አለችኝ። ደንቡም እንደዚያ ነበር። መልሱ ወንዝ መሆኑን ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ጠየቅኋት፦ "ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ያድራል።"

ፊቴን አየችው። "ወላሂ አላውቅም። አጋሮን ውሰጂው።"

አባቴ ከቀትር በኋላ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ገባ። ጎርፍ የወሰደው ከፊቱ የነበረውን መኪና ነው። እናቴ እልል ስትል እኔ ግን ፈራሁ። ያንን ሾፌር ማን ሰጥቶት ይሆን?

ዛሬ ልጄ እንቆቅልሽ የምታገኘው ከስልክ ነው፤ ካቃታት ነካ አድርጋ መልሱን ታያለች፤ አገር የሚጠይቃት የለም። ባለፈው ባትሪዋ ሲያልቅ የድሮውን ደንብ አስተማርኳት። የጠየቀችኝን አላወቅኩም። "እማ፣ በቃ አገር ስጪኝ!" አለች።

ያኔ አገርን የማውቀው በስሙ ብቻ ነበር። አሁን በየአገሩ ወንድም አለኝ፣ አብሮ አደግ አለኝ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ በተባለ ቁጥር ልቤ የሚመታለት ሰው አለኝ። ልጄ እጇን ዘርግታ ስትጠብቅ ሰው የሌለኝን አገር በልቤ ፈለግሁ። አጣሁ።