ልባጡ የቀለጠ ድስት

የደርግ አውሮፕላን በገበያ ቀን እየመጣ ቦምብ መጣል በጀመረበት ዘመን እኔና የባለቤቴ እናት ሰቆጣ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበር የምንኖረው። ባለቤቴን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ቆይቷል፤ ይኑር ይሙት የሚነግረን አልነበረም። አማቴ የደሃና ወረዳ ሰው ናቸው። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከራሳቸው ጋር ደግሞ በአገራቸው አገውኛ፣ በኽምጣንጋ ያወሩ ነበር። ባቄላ ቀቅለን ገበያ ዳር እየሸጥን እንተዳደራለን። የምንቀቅልበት አማቴ ከእናታቸው የወረሱት ትልቅ የመዳብ ድስት ነው፤ ከውጭ ቀይ፣ ከውስጥ ግን የጣሪያው ሳይሆን ቀልጦ በሚቀባው ነጭ ቆርቆሮ የተለበጠ።

አንድ ማለዳ ባቄላው መንተክተክ ሲጀምር የአውሮፕላኑ ድምፅ ተሰማ። ሁሉን እንዳለ ጥለን ወደ ገደሉ ሮጥን፤ እዚያ ዋሻ ሥር ተጠጋግተን እስኪመሽ ቆየን። ስንመለስ የእኛ ቤት ቆሟል። የጎረቤቶቻችን ግን ፈርሶ ሰዎቹ ከሥሩ ነበሩ። እነሱን ቀብረን ወደ ጓዳችን የገባነው በማግስቱ ነው። ውሃው ተንኖ አልቆ ባቄላው ከሰል ሆኗል። የድስቱ መቀመጫ ወደ ውጭ አብጧል። ነጩ ልባጥ ቀልጦ እንደ ሽንብራ ፍሬ መሃል ላይ ተንከባሎ ረግቷል፤ ዙሪያውን ቀዩ መዳብ ራቁቱን ቀርቷል።

አማቴ በአመድና በአሸዋ ሲፈትጉት ዋሉ።

«ይኸው፣ ጸዳ» አሉኝ።

«እማማ፣ ነጩ እኮ የለም።»

«ነጩ ለዓይን ነው። ድስቱ ያው ድስት ነው።»

ያን ሁሉ ሰው ቀብረው ሲመለሱ ድስቱም ሄደ ብለው ማመን አልቻሉም መሰለኝ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አንዲት ዘመዳቸው አንድ ቅል አሬራ ላከችልን። ወተት የሚባል ነገር ከቀመስን ስንት ጊዜያችን። አማቴ አሬራውን በዚያው ድስት አሙቀው አይብ አወጡ፤ አጓቱም እዚያው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ተወት አደረጉት። ስቀዳው ዳር ዳሩ አረንጓዴ ብሏል። አንድ ጊዜ ጎንጨት አልኩና ሳንቲም የላስኩ መሰለኝ፤ ተፋሁት። እሳቸው ግን ርቧቸው ነበር፤ ጠጡት፣ አይቡንም በሉት።

ብዙም ሳይቆይ ያስመልሳቸው ጀመር። ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተጠቀለሉ። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ከሸሸ ሰንብቷል፤ በሩ ተዘግቷል። ከሕመሙ ብዛት አማርኛው ጠፍቷቸው በኽምጣንጋ ብቻ ያወሩኝ ነበር። ውሃ ማለታቸውን አውቃለሁ፤ ሌላውን ግማሹን አልሰማውም። እያጎነጨሁ፣ እየደገፍኩ ሰነበትኩ። በሕይወት ቀሩ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም።

ድስቱን ተሸክሜ ወደ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። እስላም ነጋዴ ናቸው፤ በደጉ ጊዜ ሱቃቸው በር ላይ ድስትና ጀበና የመሳሰለውን መዳብ ይለብጡ ነበር። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ቆርቆሮ ስለማይመጣ ወናፉን ሰቅለውታል። ሱቁም ባዶ ነው።

ወደ ብርሃን ይዘው ውስጡን አዩት።

«ምን አበሰላችሁበት?»

«አሬራ።»

ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ራቁቱን መዳብ ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ መርዝ ይተፋል፣ ልጄ። ሎሚም ቢሆን፣ ያደረ ወጥም ቢሆን ያው ነው። እስኪለበጥ ምንም እንዳታበስሉበት።»

«በምን ይለበጣል፣ አባባ? ከተቃጠለው መኪና ባትሪ እርሳስ ያወጣ ሰው አለ። እሱን ላምጣ?»

«እርሳስ ነጭ ሆኖ ያታልልሻል። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚገድል። እኔ በእጄ አላደርገውም።»

ድስቱን ትቼላቸው እንድሄድ ነገሩኝ። በማግስቱ ስመለስ ከሰሉ ተቀጣጥሎ፣ ያበጠው መቀመጫ በመዶሻ ተስተካክሎ ጠበቀኝ። ከጉልበታቸው አጠገብ በጨርቅ የተጠቀለለ የጣት ርዝመት ያላት ቆርቆሮ ነበረች።

«ከየት አገኙ?» አልኳቸው።

«ልጄ ስትዳር ድስቷን ልለብጥላት ያስቀመጥኳት ነበረች።»

ብቸኛ ልጃቸው ከአውሮፕላኑ በሸሸንበት ሰሞን ከሰው ጋር እንደወጣች አልተመለሰችም። ሱዳን ገባች ይባል ነበር። እንዲተዉት ለመንኳቸው። ድስቱን በጉጠት ይዘው እሳቱ ላይ አዞሩት። ሲግል ቆርቆሮው መዳቡን እንዲይዝ ነጭ ዱቄት ነሰነሱበት፤ ጢሱ እያስለቀሰን ቆርቆሮዋን አቀለጡና በጥጥ እያሹ መዳቡን አለበሱት። ሲጨርሱ ጥጡን መጣል አቅቷቸው ቆዩ።

ቆርቆሮዋ እስከ ድስቱ አፍ አልበቃችም።

«እዚህ ድረስ ብቻ ነው» አሉኝ፣ ነጩ ያለቀበትን በጣታቸው እያሳዩ። «ከዚህ በላይ ምግብ አይድረስ። መጀመሪያ ውሃ አፍሊበትና ድፊው። ባዶውን እሳት ላይ እንዳትጥጂው፣ በአሸዋም እንዳትፈትጊው። በእንጨት ማንኪያ አማስይ።»

እንዳሉት አደረግን። አማቴ መጀመሪያ ሰሞን ከድስቱ የወጣ ነገር አልቀምስም ብለው ነበር፤ እኔ ስበላ አይተው ቆይተው ጀመሩ። የፈላውን ውሃ ሳይቀር በኩባያ ቀድተው ቀለሙን ያዩት ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌው ልጃቸውን ፍለጋ ከአህያ ነጋዴዎች ጋር ወደ ሱዳን መንገድ ጀመሩ። አማቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እስከ መንገዱ ሸኟቸው።

«በዚህ ዕድሜዎ?» አሏቸው።

«ቤት ቁጭ ብዬስ ምን እጠብቃለሁ፣ እህቴ?»

ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ። አማቴም በተከታዩ ዓመት አረፉ። የልጃቸውን፣ የባለቤቴን ወሬ ሳይሰሙ ሄዱ፤ እኔም እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት የሽማግሌው ሱቅ በር ላይ ቆማ አየሁ። መልኳን ስላወቅኩት ጠጋ አልኳት።

«አባቴስ?» አለችኝ።

«አንቺን ፍለጋ ሱዳን ሄዱ» አልኳት። «አልተመለሱም።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ልጇ ማልቀስ ሲጀምር እንኳ አልሰማችውም።

«እኔ ሱዳን ሄጄ አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «እዚሁ ቅርብ፣ አላማጣ ነበርኩ።»

ቤት ወስጄ አሳደርኳት። ያለኝን አቀረብኩላት፤ ለልጁ አጎረሰች እንጂ እሷ አልነካችውም። ጠዋት የሱቁን ቁልፍ ማን እንደያዘው ጠየቀችኝ። ቁልፉ እንደሌለ፣ በሩም ድሮ እንደተሰበረ ነገርኳት። ልጇን አዝላ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።