ከ"አሜን" በኋላ የፈነዳው ሞተሬ

ዛሬ ጠዋት መኪናዬን የጸለዩላት ሽማግሌዎች ራሳቸው ገፍተው ቤቴ መለሷት።

መካኒክ ነኝ። እዚህ ሆሳዕና ሞተር አዲስ ላሠራ ሰው ሁሉ "እስኪላመድ ቀስ ብለህ ንዳ" እያልኩ የምቆጣው እኔ ነኝ።

የራሴን ሞተር ግን ሠርቼ በጨረስኩ ማግስት ሱፐርቻርጀር ገጠምኩበት። አየር በግድ እየጋተ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ ነው።

እንደ ልማዳችን የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው፣ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው ጸለዩ። "አሜን" እንዳሉ ይዣቸው ወደ ሆመቾ መንገድ ወጣሁ።

ዳገቱ ላይ ጉልበቷን ላሳያቸው ብዬ ነዳጁን እስከ ታች ረገጥኩት። "ኳ!" አለና ጭሱ መንገዱን ሞላው። ፒስተኑ ተሰንጥቋል።

ሽማግሌዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ይገፉ ጀመር። ያለፈው ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባ ነፋልን። (አንዱ ባለፈው የተቆጣሁት ደንበኛዬ ነው። ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።)

ደጄ ስንደርስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ላምቤቦ ላባቸውን ጠርገው እንደገና እጃቸውን ዘረጉ። ለኮፈኑ መስሎኝ ዞር አልኩላቸው።

ጭንቅላቴን ያዙና "ቅድም ተሳስተናል፤ መጸለይ የነበረብን እዚህ ላይ ነው" አሉ።

ጎንበስ እንዳልኩ ነው፤ ቀና ማለት አቅቶኛል።

እናንተስ ለሰው የምትመክሩትን ራሳችሁ ጥሳችሁ አታውቁም? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።