ጮክ ያለ ንስሐ

ጎጃምን ለቅቄ ልደታ፣ ቀበሌ በሰጠኝ አንድ ክፍል ቤት በምኖርበት ዘመን፣ ቁጥብ ሴት ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሰው አላማም። ጆሮዬ እየደከመ ስለ መጣ ሐሜትም አይመቸኝም፤ ማን እንደሚታማ በደንብ አይሰማኝማ።

ክፍሌን ከጎረቤት ከሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ግድግዳ ወዲያ አንዲት የጉራጌ እናት ይኖሩ ነበር። በዚህ ከተማ ዘመድ የምለው እሳቸውን ብቻ ነው። አሞኝ ከዋልኩ በሬን የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው። በየመስቀሉ ከአገራቸው የመጣ ቆጮ በሳህን ይሰጡኛል። እኔ ደግሞ ቆጮ ከጉሮሮዬ አይወርድልኝም። ለግቢው ውሻ እሰጥና ሳህኑን አጥቤ ስመልስ፣ «ጣት ያስቆረጥማል፣ እትዬ» እላለሁ።

ይህን ኃጢአቴን፣ የንስሐ አባቴ ቤቴን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ በሹክሹክታ ተናዘዝኩ። ሰገድኩ፣ ጾምኩ። በቀጣዩ መስቀል ከእትዬ የመጣልኝ ድፎ ዳቦ ሆነ። በሚቀጥለውም ዳቦ። ንስሐዬ ሰመረ ብዬ ለማርያም ጥላ አስገባሁ። ለማኅበርተኞቼም ዝርዝሩን ዘልዬ፣ ተአምር ተደረገልኝ አልኩ።

ከዓመታት በኋላ ሐኪም ቤት የመስሚያ መሣሪያ ሰጡኝ፤ ደረት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ሳጥን፣ ከእሷ እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ሽቦ። ነጠላዬ በነካት ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ቆርቆሮ ይጎተታል። ቀበሌ ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ሽቦውን ሲያዩ ወሬያቸውን አቆሙ። የድምፅ መቅረጫ ይዤ የመጣሁ መስሏቸዋል። መስሚያ ባገኝ የሚሰማ ጠፋ።

ቤቴ ገብቼ እንደ ልማዴ ዳዊቴን በለሆሳስ ማንበብ ስጀምር አንዲት ሴት ጮኸችብኝ። ዞር ብል ማንም የለም። የጮኸችው እኔው ነኝ። መሣሪያው ነው ብዬ ድምፁን ቀነስኩ። ቀንሼውም እንኳ እትዬ ከግድግዳው ወዲያ ለራሳቸው፣ «ጨዉን የት ነው ያስቀመጥኩት» ሲሉ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። የእሳቸው እንዲህ ከተሰማኝ የእኔስ? ዳዊቴን አጠፍኩ።

ሄጄ በራቸው ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ እኔ ክፍል የሚወራው ይሰማዎታል?»

«ንስሐሽን ነው?» አሉ ሽንኩርታቸውን እየላጡ። «እኔም አብሬሽ ነው የምገባው።»

«ቆጮውንም?»

«ውሻውንም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ለአባ የነገርሽውን እኔ ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ዳቦ ጋገርኩ።»

ያለችኝን አንድ ዘመድ በገዛ አፌ ያባረርኩ መስሎኝ እንባዬ መጣ። ቆጮ ካለ ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። በሳህን ቆርሰው ሰጡኝ። በዚያች ሳጥን የራሴን ማኘክ ስሰማው በቅሎ ገለባ ስትበላ ይመስላል።

«እንዴት ነው?»

ጣት ያስቆረጥማል ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«አሁንም አይወርድልኝም፣ እትዬ» አልኩ፣ ሹክሹክታ በመሰለኝ ድምፅ።

ከግቢው ማዶ የሴቶች ሳቅ ተሰማ። እትዬም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን እየሸፈኑ ድፎ ዳቦ አውጥተው ይቆርሱልኝ ጀመር። የተረፈኝን ቆጮ በሳህኑ ይዤ ወደ በሩ ስዞር ውሻው ቀድሞኝ ቆሟል።