ለባምሴ የበየድኩት መቆሚያ

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በፈረንጆቹ 2007 የጸደይ ወቅት፣ እዚሁ ኦስሎ ነው። ማንም አልተጎዳም። ሆኖም ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ቁጭ ብዬ መቆየት ያቅተኛል፤ ተነስቼ አንድ ነገር መለካት፣ መፈተሽ ያሰኘኛል።

የምሠራው ፉሩሴት አጠገብ ባለ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። የደረጃና የበረንዳ መደገፊያ እንሠራለን። ብየዳን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን፣ አዲስ አበባ በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ውስጥ እያየሁ ነው። እዚያ ቤት ሁለት ነገር ይከበር ነበር። ቁራጭ አይጣልም፤ አጫጭሩ ቱቦላሬ፣ ባለ አራት ማዕዘኑ የብረት ቱቦ፣ ተቀጣጥሎ ረጅም ይሆናል። ደግሞም ጥሩ ቅጥያ የሚባለው ደንበኛው በጣቱ ዳስሶ የማያገኘው ነው።

እትዬ ሙሉን የማውቃቸው በቤተ ክርስቲያን ነው። ሞርተንሩድ አካባቢ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ሲከየም በምንለው፣ ጽዳት ይሠራሉ። አንድ እሑድ ስለ ቤሪት ነገሩኝ። ቤሪት ጡረታ የወጣች ኖርዌጂያዊት ናት። ባምሴ የሚባል አርባ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ላብራዶር አላት። በየረቡዑ ውሻውን ይዛ አልጋ ላይ የዋሉትን ትጠይቃለች። አልጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ በጀርባቸው የተኙት እጃቸው ውሻው ጋ አይደርስም። ስለዚህ ባምሴ የሚቆምበት የእንጨት ሳጥን ከክፍል ክፍል ስትጎትት ወገቧን ታመመች።

«አንተ በያጅ አይደለህ? ለዚህ ውሻ ቀለል ያለ መቆሚያ ሥራለት፤ ጽድቅ ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስወለውል ለኔ ማን ምን ሠራልኝ?» ብለው ሳቁ።

መጀመሪያ በብረት ሠራሁት። ርዝመቱ ዘጠና፣ ስፋቱ ሃምሳ አምስት፣ ከፍታው አርባ ሳንቲሜትር፤ ላዩ ኮምፔንሳቶ። ስመዝነው አስራ ሁለት ኪሎ ሆነ። የቤሪት ሳጥን አስራ አንድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እረፍት አጣሁ። በከተማው ባቡር፣ በቴባነ፣ ስሄድ እንኳ ወረቀት ላይ አሰላ ነበር። ቀጭን ቱቦላሬ ብጠቀም? ይቀላል፣ ግን ሲበየድ ይበሳል፤ በየቀኑ በውሃ በሚወለወል ወለል ላይም ይዝጋል። አይዝጌ ብረትስ? ክብደቱ ያው ነው። የቀረው አሉሚኒየም ነበር፤ የብረት አንድ ሦስተኛ ይመዝናል። ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ውስጥ የጥንካሬ ሰንጠረዥ አገኘሁ። ቁጥሩን ወስጄ ሁለት ጊዜ አሰላሁ። ከበቂ በላይ ሆነ።

አበያየዱም ሌላ ራስ ምታት ነበር። ሽቦ እየተፋ የሚበይደው ማሽን ፈጣን ነው፤ ግን ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ቱቦ አቅልጦ ጣለብኝ። በአርጎን ጋዝ የሚበይደው ያዘገማል፣ ግን ንጹሕ ነው። ከሥራ በኋላ እየቀረሁ ሁለት ሳምንት ተለማመድኩ። አለቃዬ የአሉሚኒየም ቁራጮች እንድወስድ ፈቀደልኝ። ረጅሞቹን ሁለት ጎኖች ያወጣኋቸው አርባ አምስት አርባ አምስት ሳንቲሜትር የሆኑ ቁራጮችን ልክ መሃል ላይ ቀጥዬ ነው። ከዚያ ቅጥያውን ሞረድኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። መጨረሻ ላይ እኔ ራሴ ፈልጌ አጣሁት።

ወጥቼ ቆምኩበት። ስልሳ አንድ ኪሎ ነኝ፤ ንቅንቅ አላለም። ሚዛን ላይ ደግሞ ስድስት ኪሎ አልሞላም። ቤሪት በአንድ እጇ አንስታ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችውና «ፊንት» አለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው።

በሳምንቱ ረቡዕ፣ ሥራ እንደጨረስኩ፣ ሲሠራ ላየው ሄድኩ። ቤሪት መጀመሪያ አቦይ ተስፋይ ክፍል ይዛኝ ገባች። አቦይ ተስፋይ ጭናቸው ተሰብሮ የተኙ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ባምሴ ዘሎ መቆሚያው ላይ ወጣ። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ጆሮውን እያሻሹ በሌላው የመቆሚያውን ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱ። ጥቂት ቆይታ ቤሪት «እናንተ ተጫወቱ» አለችንና መቆሚያውንና ውሻውን ይዛ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደች።

«ይቺ ሴትዮ ያንድ መንደር ልጆች እንመስላታለን። ዝም በላት» አሉኝ በአማርኛ። «አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ጃ፣ እኔ ነኝ።»

«የት ጋ ቀጠልከው?»

ደነገጥኩ። «ቅጥያ እንዳለው በምን አወቁ?»

«አላወቅኩም። የሐበሻ በያጅ ቁራጭ እያለው ሙሉ ዘንግ አይቆርጥም። እኔም አስመራ የአውቶቡስ አካል ስሠራ እንደዚያው ነበርኩ። በል ንገረኝ፣ የት ጋ ነው?»

«መሃል ላይ። ግን ሞርጄዋለሁ፤ አይታይም።»

ጣታቸው ላይ የቀረውን የውሻውን ጸጉር መልቀም ጀመሩ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ ብረት አይደለም። አሉሚኒየም እሳት ሲነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ነው። ከብየዳው ግራና ቀኝ ይለሰልሳል። አንተ ደግሞ የቀረውን ሥጋ ሞርደህ ጨረስክለት። ያውም መሃሉን።»

«ቆሜበት ነበር እኮ።»

«አንተ ቆምክ። ውሻው ይዘላል።»

የመጽሐፉ ሰንጠረዥ ታወሰኝ። ቁጥሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ላለ፣ እሳት ላልነካው አሉሚኒየም ነበር። ሁለት ጊዜ ያሰላሁት በተሳሳተ ቁጥር ነው።

በሚቀጥለው ክፍል ያሉት ዳሌያቸውን ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አሮጊት እንደሆኑ ቤሪት ስንገባ ነግራኛለች። ባምሴ ከተሰበረ መቆሚያ ላይ ቢወድቅ ወዴት እንደሚወድቅ አሰብኩ። ደህና ዋሉ ሳልል ወጣሁ።

ስደርስ ቤሪት መቆሚያውን አልጋው ጥግ አስጠግታ «ሆፕ!» ብላ ልታዘልለው ነው። ባምሴ የኋላ እግሩን አጠፍ አድርጓል። እኔ በደህናው ቀን እንኳ ቶሎ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ያን ጊዜማ አንድም የኖርዌይኛ ቃል አልመጣልኝም። ሄጄ መቆሚያው ላይ ተቀመጥኩ። ውሻው የፊት እግሮቹን ጭኔ ላይ አሳረፈና ፊቴን ላሰኝ። አሮጊቷ ሳቁ።

«ምን እየሆንክ ነው?» አለች ቤሪት።

«ትንሽ የማስተካክለው ነገር አለ» አልኳት። ሌላ ነገር አልተናገርኩም።

መቆሚያውን ይዤ ስመለስ፣ ቴባነው ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው የብረት ማስመሪያዬን በጎኑ ላይ አጋደምኩ። መሃሉ ላይ ከማስመሪያው በታች ብርሃን ይታያል። ሦስት ሚሊሜትር። የሌላው ጎንም እንደዚያው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎብጧል። ሰዎቹ እያዩኝ እንደሆነ ባውቅም እስክወርድ ድረስ ደጋግሜ ለካሁት።

በማግስቱ አንዱን ጎን ቆርጬ በሞርሳ፣ በብረት መንከሻው፣ አሰርኩትና በእጄ ብቻ ሳብኩት። ታጠፈ። የታጠፈው ብየዳው ራሱ አልነበረም፤ ከብየዳው አንድ ጣት ያህል ፈንጠር ብሎ ነው። ልክ ሽማግሌው እንዳሉት።

ከዚያ ሁሉንም እንደ አዲስ ሠራሁት። ሁለቱን ጎኖች ያለ ቅጥያ ከሙሉ ዘንግ ቆረጥኳቸው። የበየድኩት ጫፍና ጫፉን፣ እግሮቹ ካሉበት ላይ ብቻ ነው፤ ማጠናከሪያም ጨመርኩበት። ሞረድ የሚባል ነገር አላስነካሁትም። መጀመሪያ ወደ አቦይ ተስፋይ ወሰድኩት። የብየዳውን ጉብታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «አስቀያሚ ነው። ጥሩ» አሉኝ።

ቤሪት መቆሚያውን ዛሬም ትጠቀምበታለች። በየጊዜው እፈትሸዋለሁ፤ ማስመሪያዬ ሥር ብርሃን አይገባም። እኔን ከሰው ጋር ስታስተዋውቀኝ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች፦ «ይህ ልጅ ምንም እንከን ያልነበረውን ሥራ፣ አልረካሁበትም ብሎ እንደገና የሠራ ነው።» ሰዎቹ በአድናቆት ያዩኛል። እኔ አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬት አያለሁ፤ ትሑት ነው ይላሉ።

ያን ሳምንት ባምሴ ስንት ጊዜ እንደዘለለበት፣ ከስንት አልጋ አጠገብ እንደቆመበት ቤሪት አታውቅም። ልነግራት ብዬ ኖርዌይኛውን ብዙ ጊዜ አዘጋጅቻለሁ፤ አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። አንዱንም ከአፌ አላወጣሁም። ይህን በአማርኛ የጻፍኩትም እሷ ስለማታነበው ሳይሆን አይቀርም።