ገመድ ሲያጥር ይቆጣል

ቦንቱ ክሬን ላይ ከመውጣቷ በፊት አራት ዓመት ሙሉ በጉለሌ ሳይቶች አሸዋና ብሎኬት ተሸክማለች። ክሬኑን ያስተማሯት አቶ እንድርያስ የሚባሉ አንጋፋ ኦፕሬተር ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ሲባጎ ጫፍ ላይ ብሎን አስረው አወዛወዙና ሲባጎውን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ሳቡት። ገመዱ ባጠረ ቁጥር ብሎኑ ይፈጥናል፤ መሀል ላይ መርጋቱን ትቶ ወዲያና ወዲህ ይወረወራል።

«አየሽ? ገመድ ሲያጥር ይቆጣል። የሚወዛወዝ ጭነት እንዳትጎትቺ፤ መጀመሪያ አረጋጊው» አሏት።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ወንበሩ ለእሷ ደረሰ። ፎርማኑ ኤርሚያስ ይህን አልወደደውም። ስሟን ጠርቶ አያውቅም። ጭነት በዘገየ ቁጥር በሬዲዮ «ድሮም ሴት...» ይላል፤ የሰሙት ሁሉ ይስቃሉ። ቦንቱ ግን አንዱንም ስድብ አልረሳችም።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን፣ ቀጨኔ አጠገብ በሚሠራ ሕንፃ ላይ፣ አንድ እስር ፌሮ ወደ ዘጠነኛው ፎቅ እያነሳች ሳለ ከእንጦጦ በኩል ነፋስ ወረደ። ፌሮው መወዛወዝ ጀመረ። የገመዱ ንዝረት እስከ ወንበሯ ድረስ ተሰማት። አቆመችው።

«ምን ሆንሽ? ጎትቺ እንጂ!» አለ ኤርሚያስ በሬዲዮ።

«እየተወዛወዘ ነው። ላውርደው።»

«እላይ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው! ጎትቺ አልኩሽ!»

አልጎተተችም። የክሬኑን ክንድ ጭነቱ ወደሚሄድበት ቀስ አድርጋ እያዞረች አረጋጋችው፤ ገመዱን ለቀቅ አድርጋ ፌሮውን ባዶ መሬት ላይ አሳረፈችው።

«ከዚያ ወንበር ውረጂ» አላት። «አሁኑኑ!»

በንዴት ወረደች። በእሷ ምትክ ደበላ የሚባለው ሁለተኛ ኦፕሬተር ወጣ። እሱም የአቶ እንድርያስ ተማሪ ነው፤ ነገር ግን የሚያስተዳድራቸው ሦስት ልጆች አሉት፤ ኤርሚያስንም ይፈራል። ያንኑ ፌሮ አነሳ። ነፋሱ መልሶ መታው። «ጎትት!» ሲባል ጎተተ። ፌሮው ስምንተኛውን ፎቅ ሲያልፍ ተወርውሮ ሄደና ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ጭነት ሊቀበል የቆመውን ቶሎሳን ጭኑን ሰበረው።

ቶሎሳ ገና ሳይወርድ ኤርሚያስ ቦንቱን በጣቱ እያሳየ ጮኸ። «ፍሬኑን ነካክታው ነው የወረደችው! ተንኮለኛ!» ሠራተኞቹ አመኑት። አንዱ ከኋላዋ ተፋ። ከሳይቱ አስወጧት።

በአራተኛው ቀን መርማሪዎች መጥተው ፍሬኑን ፈተሹ። ምንም አልሆነም። ደበላን ሲጠይቁት አንገቱን ደፍቶ፣ «እሷ ምንም አላደረገችም። ጎትት አለኝ፣ ጎተትኩ» አለ። ኤርሚያስ ተባረረ። ሲወጣም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ለምርመራው ተጠርታ የመጣችውን ቦንቱን «ደስ ይበልሽ» ብሏት ሄደ።

ቦንቱ ወደ ሥራዋ ከመመለሷ በፊት ቶሎሳን ልትጠይቅ ቤቱ ሄደች። ሚስቱ ኢየሩ በሩን ግማሹን ብቻ ከፈተች።

«እንደሚመታው ታውቂ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ወረድሽ? ለምን አልጮህሽም?»

«አስወረደኝ እኮ...»

«አንቺ ከእሱ ጋር እልህ ተጋባሽ፤ የተሰበረው ግን የእኔ ባል ነው» አለችና በሩን ዘጋችው።

ቦንቱ የያዘችውን ብርቱካን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ቁልቁለቱን ወረደች። ያን ቀን ከታች ቆማ ስታይ ያሰበችው ትዝ አላት፤ ፌሮው ሲነሳ፣ «ይየው፣ ይቅመሰው» ብላ በሆዷ ኤርሚያስን ረግማ ነበር። ያንን ለማንም አልተናገረችም። ዛሬም እዚያው ክሬን ላይ ናት። ከደበላ ጋር በየማለዳው ይተላለፋሉ፤ ሰላምታ ግን የላቸውም።